እጃቸውን ታጥበው የጻፉት

ጋሼ ውሃ በሌለበት ቀን እንኳን ማመልከቻ ሊጽፉ ሲሉ ከጀሪካኑ ቀድተው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። «ለመንግሥት የሚቀርብ ጽሑፍ እንደ ሙሽራ ይኳላል» ይሉ ነበር።

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ጅጅጋ ውስጥ ሽርጥ ይሸጡ ነበር። በባጃጅ ለሚልኩት ዕቃ የሚጽፉት ብጣሽ ወረቀት ዶሮ የጫረው ይመስላል። ማመልከቻ ላይ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ ይኮለኩሉታል። ሰው ከቀብሪበያ ድረስ እየመጣ ያጽፋቸው ነበር።

ሐሰተኛ የቤት ሽያጭ ውል ጽፈዋል ተብለው ተፈረደባቸው። አልጻፍኩም ብለው ይግባኝ ጠየቁ። ችሎቱ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲመረመር አዘዘና ናሙና እንዲሰጡ ተደረገ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሱቅ እንደሚጽፉት ይጻፉ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ዳኛ ፊት? ምን ቆርጦኝ!»

ታጥበው ኮለኮሉት።

መርማሪው ናሙናውን ከሱቃቸው ብጣሽ ወረቀቶች ጋር አመሳክሮ «ይግባኝ ባዩ ሆን ብሎ የእጅ ጽሑፉን ቀይሯል» አለ። ዳኞቹም ንጹሕ ሰው እጁን አይደብቅም ብለው ፍርዱን አጸኑት። ጋሼ ማረሚያ ቤት ሞቱ።

ሳሙናቸው ጀሪካኑ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የሚነካው የለም። ወንበራቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ትናንት አንዲት ጎረቤታችን ማመልከቻ አጽፋኝ ወረቀቱን አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምነው ልጄ፣ እንደ ጋሼ አታሳምረውም?»

«ያሳመሩትማ አፈር ገቡ» አልኳት።