ዕጣው የተገላበጠበት ጠዋት

ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ቤታቸው ተቃጠለ። ጎረቤት በመስኮት ጎትቶ አወጣት፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ደርቀው ቀሩ። "ይቺ ልጅ ምን ሠርታ ትበላለች?" ያሏት ሁሉ ኋላ ሱሪያቸውን እሷ ዘንድ አሰፉ። ጨርቁን በስፌት መኪናዋ ላይ በደረቁት ጣቶቿ ተጭና በቀኟ ስታስኬደው ስፌቷ ዝንፍ አይልም። የሚያሸንፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት።

ልብስ አጣቢዋ በአጠገቧ ወዳለው ቤት በሙሽርነት የገባች ሰሞን ጭንቋን አየችና፣ ሳትጠየቅ ተቀብላ ክሩን አስገባችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አሥር የእጅ መርፌ እያዘጋጀች የመርፌ መሰኪያዋ ላይ ትሰካላታለች።

"ዛሬ ደግሞ ቀይ ክር? ልታገቢ ነው እንዴ?" ትላታለች አጣቢዋ።

"ባልሽን እንዳልነጥቅሽ ፈራሽ?"

ኋላ አጠገባቸው ያለው ኮሌጅ ተማሪው በዛበትና ግቢው ጠበበው። ሰፈሩን ገዝቶ ለነዋሪው ከአጥሩ ማዶ ባለ አራት ፎቅ ቤት ሠራ። ክፍሉ አንድ ጠዋት በኮሌጁ ግቢ በዕጣ ተከፋፈለ። ለሰፊዋ ምድር ቤት ደረሳት፤ ለአጣቢዋ አራተኛ ፎቅ። የአጣቢዋ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወጣም፣ አንዴ ከወጣም አይወርድም።

"እሰይ፣ ባለ ፎቅ!" አለቻት ሰፊዋ ልታጽናናት።

"ዝም በይ! መርፌሽን በየጠዋቱ በገመድ ላወርድልሽ ነው?"

የዚያን ቀን ቀልዱ አላሳቃቸውም። አንዷ ከላይ ሌላዋ ከታች ከሆኑ የሰፊዋ ሥራ መቆሙ ነው። ሰፊዋ ብድግ አለችና ከጎኗ ያለው ክፍል ወደ ደረሳቸው አዲስ ተጋቢዎች ሄደች።

"ልጆቼ፣ የእኔ የስፌት መኪና ግድግዳ ያናውጣል። ላይ፣ ለጓደኛዬ የደረሳት ክፍል ግን ነፋሻ ነው፤ ጸጥታ አለ፤ በመስኮት የሚያጮልቅ ጎረቤትም የለም። ከእሷ ጋር ብትለዋወጡስ?"

ባል የሚስቱን ፊት አየ።

"ቁልፉን ስጣቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!" አለችው።

የኮሌጁ ጸሐፊ ከጠረጴዛው ተነሳ። "እማማ፣ ዕጣ እኮ አይለወጥም!"

"ዕጣውን መቼ ነካነው ልጄ? ቁልፉን ነው እንጂ።"

ይህን የሰማ ሁሉ ቁልፉን ከፍ አድርጎ ያዘ። "ከአናጢው ጎን የደረሰው ማነው?" "አማቴ አናቴ ላይ ሆናለች፣ የሚለውጠኝ ጠፋ?" ግቢው ገበያ ሆነ። ጸሐፊው ሲጽፍ ሲሰርዝ ወረቀቱ ጠቆረበት። በመጨረሻ ሳቁ አሸነፈውና አዲስ ወረቀት አወጣ። "በሉ፣ እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ!" ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተዋዶ የኖረው ጎን ለጎን፣ ተኳርፎ የኖረውም ራቅ ራቅ ብሎ ሰፈሩ እንዳለ ፎቅ ቤት ገባ።

ዛሬ የሰፊዋ ደጅ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው። ቦርሳው የተተረተረበት፣ ሱሪው የረዘመበት ተማሪ አይጠፋም። አንዷ በቀደም፣ "እማማ፣ ሰፈርዎ ሲፈርስ አላዘኑም?" ብላ ጠየቀቻት። ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች።

"አዘንኩ እንጂ! ያቺን ጠባብ መንገድ እወዳት ነበር። ግን ልጄ፣ መንገድ ብጠራው አቤት አይለኝም። በዕድሜዬ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ፣ ከግድግዳው ማዶ ስጠራት አቤት የምትለኝ ሰው መኖሯ ነው።"