ስፔሻሉ ካምፕ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጸሎት ቤት አሰለፈችን የሚያውቅ ሁሉ የአንድ ልጅ እናት ናት ብሎ ይምላል። እሁድ እሁድ ማሙሽን ክራቫት አሳስራ፣ ፀጉሩን ቅባት አጠጥታ፣ የፊት ወንበር ላይ ጉብ ትላለች። አሌክሳንድሪያ አፓርታማዋ ውስጥ ሌላ ልጅ እንዳለች ያወቀ ሐበሻ የለም፤ ከእኔ በቀር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ያመለጠኝ ነገር የለም። የወጥ ቤቷ ቧንቧ አፍስሶ ልሠራላት ገብቼ ነው። በቧንቧ ሥራ በዚያ ሰፈር የሚደርስብኝ አልነበረም፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው በስሜ ነበር የሚያስጠሩኝ፣ ብቻ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ከመኝታ ቤት ሳል ሰማሁ።

የሳለችው ውባንቺ ናት፤ የአሰለፈች ሟች እህት ልጅ። የልጅነት ልምሻ አንድ እግሯን አድርቆባት እግሯ ላይ በሚታሰር ብረት ነው የምትሄደው። አሰለፈች ካርቱም በስደት ሳለች «ሁለት ልጅ ያላት ቶሎ አሜሪካ ትሄዳለች» ሲሏት ነው ልጄ ብላ ይዛት የመጣችው። በወረቀት እናቷ ናት፤ ቤት ውስጥ ግን እማዬ ማለት ክልክል ነው፤ እትዬ ነው የምትላት። ትምህርት ቤት ፈረንጅ ቢያያት አሰለፈች ግድ የላትም። ሐበሻ በር ሲያንኳኳ ግን ውባንቺ መኝታ ቤት ትገባለች፣ ብረቱ ይወልቃል፣ ቁም ሳጥን ላይ ይሰቀላል። ብረቱ ከሌለ ወዴት ትሄዳለች?

«ዘራቸው ሽባ ነው ብለው ለማሙሽ ሚስት ይከልክሉኝ?» ትላለች አሰለፈች። ማሙሽ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው።

ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር የአፓርታማው መዋኛ አለ። ሰመር በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲንቦጫረቅ ውባንቺ አገጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታያለች። ውሃ ገብታ አታውቅም።

በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ይመስለኛል፣ ብረቱን የሠሩላት ሐኪሞች ስሟን ለአንድ ካምፕ አሳልፈው ሰጥተው ኖሮ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ደወለች። የአሰለፈች እንግሊዝኛ ከምትሠራበት ሆቴል አንሶላና ፎጣ አያልፍም፤ ስለዚህ ስልክ አስተርጓሚዋ ራሷ ውባንቺ ናት።

«ስፔሻል ካምፕ ነው ትላለች፣ እትዬ። ፈረስ አለ። ሐይቅ ዳር ድንኳን አለ። እግሩ የማይሠራ ልጅ ደግሞ ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ወንበሩ ራሱ ቀስ ብሎ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ለእንደኔ ዓይነት ልጆች ነው።»

«ምን ካምፕ አልሽ?»

«ስፔሻል።»

እንግዲህ ስፔሻል ምን እንደሆነ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቃል። ስፔሻል ፉል ቅቤው የሚንሳፈፍ ነው። እኔ ፒያሳ ስፔሻል ፉል በልቼ እስከ ማግስቱ ራት ሳልቀምስ ውያለሁ። ተራው ለተራ፣ ስፔሻሉ ለጌታ ነው። አሰለፈችም ይህን ታውቃለች።

«ለእንዳንቺ ዓይነት?» አለቻት። «ስፔሻል ነገር ለሽባ ሲሰጥ የት አየሽ? ውሸታም። እሺ በያት ብቻ።»

ውባንቺ እሺ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዋን ስታወጣ ስታስገባ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ የተዋሰችውን የዋና ልብስ ስታጥፍ ስትዘረጋ ከረመች።

የካምፑ መኪና የሚመጣ ጠዋት አሰለፈች መኝታ ቤት ገባች። «እግርሽን አምጪ» አለቻት።

«እንግዳ ይመጣል እንዴ፣ እትዬ?»

ብረቱ ወለቀ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቀለ። ቦርሳዋ ማሙሽ ትከሻ ላይ ዋለ።

«ውባንቺ ሲሉህ የስ በል» አለችው ልጇን። «ሌላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ውባንቺ የወንድ ስም ይሁን የሴት ፈረንጅ በምን ያውቃል? ከመኪናው የወረደችው ወጣት «ውባንቺ?» አለች። «የስ» አለ ማሙሽ። ስንት ዓመትህ ነው? «የስ።» ልጅቷ ራሱን ዳብሳ፣ ክንዱን ደግፋ አስገባችው። ውባንቺ በመስኮት እያየች ነበር።

እሁድ ጸሎት ቤት ወሬው ሁሉ የአሰለፈች ብቻ ሆነ። መንግሥት ልጄን መርጦ ስፔሻል ካምፕ ወሰደው አለች። የመጎብኛው ቀን ሲደርስ ከጸሎት ቤቱ እህት ታደለችን ጋበዘች፤ ሽማግሌው ጋሽ ልሳነወርቅ በመኪናቸው አደረሷቸው። አሰለፈች ሰው ሠርግ የሚሄድበትን ቀሚስ ለብሳለች።

በሩን ሲያልፉ አንድ ዊልቸር፣ ሌላ ዊልቸር፣ አንገቱ የማይቆም ልጅ፣ ክራንች የያዘች ልጅ። አሰለፈች የተሳሳተ ቦታ የመጡ መስሏት ዞር ልትል ስትል ማሙሽ ፈረስ ላይ ሆኖ ብቅ አለ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎታል። አንገቱ ላይ ስም የተጻፈበት ሜዳሊያ አለ። «ብራቮ፣ ውባንቺ» ይላሉ ፈረንጆቹ።

«ውባንቺ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«የቤት ስሙ ነው፣ ጋሼ። ሲወለድ መልኩ…»

ወጣቷ መጥታ ብዙ ተናገረች። ታደለች ሰምታ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከየስ ሌላ ቃል የለውም፣ ግን ጎበዝ ልጅ ነው ትላለች። ምነው እህቴ፣ ይህን ሸክም ብቻሽን ተሸክመሽ?» ቀጥላ ደግሞ፣ «ለሚመጣው ሳምንት አንድ ቦታ ተርፏል። ቤት ውስጥ እንደሱ ያለ ሌላ ልጅ አለሽ ወይ ትልሻለች።»

አሰለፈች አንድ ቃል ብትናገር ልጇ ጤነኛ፣ ውባንቺም ውሃ ውስጥ ነበሩ።

«ሌላ ልጅ የለኝም» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የማሙሽ መከራ ነው። በየእሁዱ ጸሎት ቤት እጅ ይጭኑበታል፣ ይጮሁበታል። «ማም፣ አይ አም ኖት ሲክ» ቢል፣ «ተናገረ» ብለው ያለቅሳሉ። አሰለፈች ሲመርራት ጊዜ መድረክ ወጣችና ጌታ ልጄን ፈወሰልኝ ብላ መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ምዕመናኑ ለምስጋና ቤቷ መጡ፤ ሜዳሊያውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ ብረቱም ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

መዝሙሩ መሀል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ውባንቺ በክንዷ ምንጣፉን እየቧጠጠች፣ እግሯን እየጎተተች፣ ሳሎን መሀል ደረሰች።

«ሜዳሊያውን አንብቡት» አለች። «ውባንቺ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ወደ አሰለፈች ዞሩ። ሁሉም ዞሩ። ቀድማ የተናገረችው ታደለች ናት።

«ከልጁ የወጣው መንፈስ እሷ ላይ ገባ» አለች በሹክሹክታ።

አሰለፈች የተዘረጋላትን ገመድ አልለቀቀችም። «የእህቴ ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበረች» አለች። «ጸልዩላት።»

ያ ሁሉ እጅ ወረደባት። ውባንቺ ምንጣፉ ላይ ተጣብቃ «አትጫኑኝ፣ ያመኛል» ስትል፣ «ልቀቃት» አሉ፤ እሷን አይደለም የሚያናግሩት።

በዓመቱ ያቺው የካምፕ ሴት ደወለች። በዚህ ጊዜ አሰለፈች አስተርጓሚ አልፈለገችም። «ውባንቺ? ሂ ኢዝ ፋይን» ብላ ስልኩን ዘጋች። ውባንቺ መስኮቱ ጋ ነበረች። ታች ልጆች ይንቦጫረቃሉ።