እርስዎ እያልኩ የሸሸኋት ሮማን

ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ስሠራላት የነበረች ልጅ ‹‹እርስዎ ሊባኖስ ስንት ዓመት ኖሩ?›› አለችኝ። ትሕትናዋ ነው፤ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን እርስዎ ሲሉኝ ይከብደኛል፤ ቃሉ ከአክብሮት ሌላ ለምን እንደሚውል አውቃለሁና።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሊራው ወድቆ፣ ማዳሞቹ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ ጥለው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ከወሎዋ ዘይነባ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንኖራለን። ዘይነባ ቤይሩት ቨርደን ሰፈር ስምንት ዓመት ሠርታ የወጣች፣ ማንም የማይበግራት ሴት ናት። ሥራ ያጡትን እየሰበሰብን ምካሌስ ያለ አንድ መጋዘን እንወስዳቸው ነበር፤ እዚያ ለስደተኛ ሴቶች ሩዝ፣ ምስርና ዘይት የያዘ ካርቶን ይታደላል። እሷ ታስተባብራለች፤ አረብኛው የሚቀናኝ እኔ ደግሞ እናገራለሁ። ያለ እኔ አንድ እርምጃ የምትሄድ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ሮማን መጣች። ማር ሚካኤል በሚባለው ሰፈር አንድ መጠጥ ቤት ታጸዳ ነበር። ሴት ናት፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን ስትወለድ የወጣላት የወንድ ስም ነው። መጋዘኑ ጋ ‹‹ወረቀቱ ወንድ ይላል፤ ለወንድ አንሰጥም›› ብለው ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን መልሰዋታል። ሦስት ቀን በሻይ ብቻ እንደቆየች ስትነግረን ዘይነባ ወዲያው ፍራሽ አነጠፈችላት።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ጠዋት ፉል ሲቀርብ ዘይነባ ሎሚውንም ቲማቲሙንም ለሮማን ታበዛለች፤ የእኔ የነበረው ሳቅ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የአማርኛን ነገር ታውቃላችሁ፣ አንተ ወይም አንቺ ሳይሉ ሰው ማናገር ጭንቅ ነው። አንቺ ልላት አልፈለግሁም፤ አንተ እንዳልል ዘይነባ አለች። ስለዚህ ‹‹እርስዎ ሻይ ይጠጣሉ?›› እላታለሁ። ዘይነባ አስተዳደጌን ታደንቃለች። ሮማን ብርጭቆውን ሳታየኝ ትቀበለኛለች።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሮማንን ይዘን አሥራ አራት ሆነን ሄድን። የሁላችንም ካርቶን ወጣ፤ የሷ ቀረ። እንደተስማማነው ለመናገር ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ሰውዬው ሮማንን በአገጩ እየጠቆመ ‹‹ያኒ፣ ሂዬ ወላ ሁዌ?›› አለኝ፤ እሷ ናት ወይስ እሱ ማለቱ ነው። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር። ዞር ስል ዘይነባ የሮማንን እጅ ይዛለች።

‹‹ወረቀቱን እየው›› አልኩት።

አየና ‹‹ኸላስ›› አለኝ፤ አበቃ፣ አይሰጣትም ማለቱ ነው።

ዘይነባ በተሰባበረ አረብኛዋ ‹‹ሂዬ፣ ሂዬ›› እያለች ካርቶኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ‹‹ለሷ ካልሰጣችሁ እኛም አንወስድም።›› ሌሎቹም ተራ በተራ አስቀመጡ፤ ልጆች ያሏቸው እንኳ አልቀሩም። እኔ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ። እስከ ቀትር በዝናብ ቆምን። በኋላ አለቅየው ወጥቶ ለሮማን ሰጣት፤ ከዚያ ወዲህም በወረቀቱ ሳይሆን እኛ በምንጽፈው ስም መጥራት ጀመሩ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ለእኔ ብሎ ማን ካርቶኑን ያስቀምጥ ነበር እያልኩ እርር አልኩ።

ስንመለስ ሮማን ከጎኔ መጣች። ‹‹እርስዎ የምትዪኝ ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ምን አድርጌሽ ነው?››

‹‹ቀንቼብሽ ነው።››

ቆመች። ‹‹ብሽ አልሽኝ›› አለች፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። እኔ አላስተዋልኩም ነበር። ቅናት ቃል አያስመርጥም ለካ።

ዘይነባ አገሯ ከገባች ቆየች። ስትደውል ዛሬም መጀመሪያ ለሮማን ነው፤ ዛሬም ያበሽቀኛል። ሮማን ይቅር ብላኛለች፤ ከልቧ ነው። እኔን የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። አረብኛ የምችለው እኔ ነበርኩ፤ ‹‹ሂዬ›› ያለችው ግን የማትችለዋ ናት።