ጋቢ ዘንዶ ሲለካ

እዚህ እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ፣ የሌለ እንስሳ የሚለካ ሰው አለ። አባቱ ያወጣለት ስም ሙሉሰው ነው። በፈረንጆቹ 1991 ከአገር ቤት በአውሮፕላን መጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪዋ በዕብራይስጥ ስም ጋቢ አለችው፤ እሱም አንገቱን ነቅንቆ ጋቢ ሆኖ ቀረ። ስሙን እንዲህ በቀላሉ ከሚለቅ ሰው ብዙ መጠበቅ አልነበረብንም።

በሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ ጥበቃ ነው፤ የተሳፋሪ ቦርሳ ይፈትሻል። ሥራውን አልንቅም። የምንቀው ከሥራ ሲመለስ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይወድቅና ያንን ባለ ክንፍ ዘንዶ የሚርመሰመስበትን ተከታታይ ፊልም ይከፍታል። ማን ነገሠ፣ ማን ሞተ፣ ግድ የለውም። የሚያስጨንቀው የትኛው ዘንዶ ከየትኛው ይበልጣል የሚለው ብቻ ነው። ሰማያዊዋ ከሀይፋው ባቡር በአራት ፉርጎ ትረዝማለች። ባለ ጎፈሩ ክንፉን ቢዘረጋ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ጭስ ማውጫ ይጋርዳል። ትንሹ ገና ለጋ ነው፣ ከአውቶቡስ አይበልጥም። ደረጃ ላይ ቢያገኝህ ጤናህን ሳይጠይቅ ይህን ያወራልሃል። አንድ ቀን፣ በኮምፒዩተር የተሳለ ነገር እንደ ሠሪው ፍላጎት ያጥራል ይረዝማል፣ አንተን ምን አግብቶህ ነው አልኩት። ተቀይሞኝ ሰነበተ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰው እንኳ ከሱ ይሻላል፤ ያ ቢያንስ ወተት አምሮት ነው።

የዘንዶዎቹን ዘርም ያውቃል። የትኛው ከየትኛዋ እንቁላል እንደተፈለፈለ፣ እናቲቱ የማን ልጅ እንደነበረች፣ እስከ ቅድመ አያት ይዘረዝርልሃል።

ሚስቱ ኮኮቤ ናት ቤቱን ይዛ ያቆመችው። ልጃቸው ሂላ ነርስነት እየተማረች ሳለ ኦሬን የሚባል የናሕሊኤል ሰፈር ልጅ ወደደች። ደህና ልጅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቤታቸው ይመላለስ ነበር። ያንኑ ፊልም ስለሚያይ ጋቢ እንደሱ ያለ እንግዳ አግኝቶ አያውቅም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰማያዊዋ ትበልጣለች፣ የለም ባለ ጎፈሩ ይበልጣል ሲባባሉ ጫጫታቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሂላ አባቷ ልጁን ስለወደደላት ደስ ብሏት ሻይ ታቀርብላቸዋለች።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ አስቀድሞ ዘር ይቆጠራል። ከሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ተቆጥሮ አንድ አባት ላይ ከተገናኙ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ብልህ አባት ደግሞ ሽማግሌ እስኪመጣ አይጠብቅም። ጎረምሳው በሩን ባንኳኳበት በመጀመሪያው ቀን የማን ልጅ ነህ፣ አያትህስ ማን ይባላል ይለዋል። ይህን የማያውቅ አባት አላየሁም፣ ከጋቢ በቀር።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው ማክሰኞ መጡ። እኔም በጎረቤትነት በልጅቷ ወገን ተቀመጥኩ። የኦሬን አያት አባ ይርዳው የልጅ ልጃቸውን ወገን ቆጠሩ፤ ሙላት፣ ይርዳው፣ ቸኮል፣ መርሻ፣ ቢያድግልኝ እያሉ እስከ ሰባተኛው ሳይደናቀፉ ዘለቁት። ተራው የጋቢ ሆነ። ፈረደ አለ፤ አባቱ ናቸው። አለሙ አለ፤ አያቱ። ከዚያ ወዲያ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ሊያስጠኑት ስንቴ ለምነውታል። እሱ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል "አኻር ካኽ አባ፣ በኋላ" ይላቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ላቡን እየጠረገ፣ እስራኤል አገር ተቀምጦ ዘር የሚቆጥር ማን አለ ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። አባ ይርዳው አገር ቢቀየር አባት አይቀየርም አሉት። ጎንበስ አለ። ኮኮቤ እፍረቱ ሲበዛባት ተነሥታ ሎድ ወደምትኖረው ወደ ታላቅ እህቱ ደወለችና ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እትዬ ሸጊቱ አልተቸገሩም። ፈረደ፣ አለሙ፣ ተገኘ፣ ቢያድግልኝ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አባ ይርዳው እጃቸውን አነሱ።

"ሸጊቱ፣ የትኛው ቢያድግልኝ?"

"የአምቦበሩ ነዋ፣ ማረሻ የሚሠራው። ተገኘና መርሻ ልጆቹ አይደሉ?"

ኦሬን በዕብራይስጥ፣ ይህ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ነው፣ ምን ያገናኘናል እያለ አያቱን ይማጸን ጀመር። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን በትራቸውን ይዘው ተነሡ። "ልጆቼ፣ ሥጋ ናችሁ" አሉ። የመጡት ሁሉ ተከትለዋቸው ወጡ፤ ኦሬንንም አባቱ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ሂላ አላለቀሰችም። መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባ፣ ሦስት ዓመት አጠገብህ ተቀምጧል። ፓዓም አሐት፣ አንድ ጊዜ እንኳ የአያቱን ስም ጠይቀኸዋል?"

"አልጠየቅኩትም" አለ።

"ታዲያ ስለሱ የምታውቀው ምንድን ነው?"

መልሱን ያውቀዋል። ኦሬን የትኛውን ዘንዶ እንደሚያስበልጥ፣ በስንት ክንድ እንደሚያስበልጥም ያውቃል። ያን ሳይናገር ዝም ማለቱ በዕድሜው ሙሉ ያየሁበት ብቸኛ ብልህነት ነው።