በካሴቱ መሀል ያለው ዝምታ

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ድንጋዩ ጥቁር፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የተሸነቆረ። ማሽላው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም የነቀዙ ሽታ አልለቀቀም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌን ነው። የፃግብጂ ገጠር ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ በደጀ ሰላም ተናገሩት በተባለ ነገር ነበር የታሰሩት። «ቤት ለእንግዳ» አሉኝና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ጊዜው አገር ያመሰው ምርጫ ያለፈ ሰሞን፣ ክረምት ነበር። የእኔ ወንጀል ካሴት ነው። እንዲህ ስል ዛሬም የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው።

እኔና ጓደኛዬ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ፊዚክስ። ሁለታችንንም አንድ የውጭ ሮክ ባንድ አሳብዶን ነበር። ባንዱ ጊታሩን በሽቦ ይገዘግዛል፣ የሬዲዮ ጩኸት ከከበሮ ጋር ያዋህዳል። እኔ «ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው» እላለሁ፤ ዘፈኑ ረጅም ነው፣ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል፣ ምቱ መሀል ላይ ይለወጣል። እሱ በጭራሽ አይቀበለኝም። «የፕሮግረሲቭ ሰዎች ችሎታቸውን ነው የሚያሳዩህ። እነዚህ የሚያውቁትን ለመርሳት ነው የሚጫወቱት። ሙከራ በለው፤ ፕሮግረሲቭ ግን አትበለው» ይለኛል። ክረምት ከበጋ ተጨቃጨቅንበት። ከዘፈኖቹ በአንዱ መሀል ረጅም ዝምታ አለ። ባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ ወደ ፊት እናጠነጥነው ነበር።

ጩኸቱን የሰማ ሰው የምስጢር መልእክት ነው ብሎ ጠቆመብን። የተያዝነው በአንድ ቀን ነው፤ ያሰሩን ግን ለየብቻ። መርማሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው። አይቆጣም። በክብሪት እንጨት ጥፍሩን እያጸዳ ነው የሚጠይቀው።

«ይሄ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?»

«ፕሮግረሲቭ ሮክ።»

ክብሪቱን አስቀመጠ። «ጓደኛህ አይደለም ብሏል። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ አይደለም ነው የሚለው። ካሴቱ አንድ፣ ቃላችሁ ሁለት። ከሁለት አንዳችሁ የምትደብቁት መልእክት አለ ማለት ነው።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፈራሁ። ጓደኛዬ በሕይወት መኖሩን የሰማሁት በዚህ ነበር፤ እዚያ ሆኖም «አይደለም» ብሎ መከራከሩ አንጀቴን በላው።

«እሱ ዋሽቷል በል፤ ነገ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። «አስብበት።»

ካሴቱን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉሙ ከተራራው ሲወርድ። የእሱ ክፍልና መጋዘኑ ግድግዳ ይጋራሉ። ድንጋዩ ከበሮውን እየዋጠ የጊታሩን ሲቃ ብቻ ያሳልፈዋል። መሪጌታ ሰምተው ሰምተው «ይሄ ሰውዬስ ታሟል እንጂ አልዘፈነም» አሉ። በዚያ ቤት የሳቅሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

መርማሪው እንደ እኛ አያጠነጥንም። ምስጢር የሚፈልግ ሰው ዝምታም አያልፍም። አንድ ቀን ዘፈኑ ከዝምታው ደረሰና እሽ የሚለው የካሴቱ እሽታ ብቻ ቀረ። መርማሪው የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ያን ጊዜ ከእሽታው ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። ሩቅ ነው፤ ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ካሴቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሴት የለችበትም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ።

«መሪጌታ፣ ሰሙ?»

«ቆይ፣ ልጄ።» አማተቡ። ቆይተው በቀስታ «ሙሾ ነው። በአገውኛ ነው የምታለቅሰው። ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

ድምፅዋ ጠፋ፤ ጊታሩ ተመለሰ። መሪጌታ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ሬሳ በሌለበት ሙሾ መስማት ሟርት ነው አሉ። እኔ ያሰብሁትን አፌን ሞልቼ ለመናገር ፈራሁ፤ ያሰብሁት ጓደኛዬን ነበር።

በማግስቱ መሪጌታንና እኔን ጠሩን። መርማሪው ገርጥቷል፣ ክብሪትም አልያዘም። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። በሩ ላይ አንድ የአገሩ ተወላጅ ጠባቂ ቆሟል።

«አባት፣ እርስዎ ቋንቋውን ያውቃሉ። የምትለውን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለና ከፈተው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ወደ አማርኛ መለሱት።

«ጎተራው ሞልቷል፣ የሚበላው የለም ትላለች። በሬዎቹ ደጅ ቆመዋል፣ የሚጠምዳቸው የለም ትላለች። የልጄ አባት፣ ልጅህ ቴፕ ይዞ ከጎኔ ቆሟል፤ ድምፄን ለየትኛው ዘመድ ሊልከው ነው? ትላለች።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በጓደኛዬ ቤተሰብ ለቅሶ ላልደረሰ ዘመድ ሙሾውን በካሴት ቀርጾ መላክ ልማድ ነው። ጓደኛዬ አባቱ ሲሞት የእናቱን ሙሾ ቀርጾ ነበር። በኋላ እናቱም ሞተች። «ስሰማት እህል አይወርድልኝም» ብሎኝ፣ እኔው ፊት ባንዱን በላይዋ ላይ ቀዳባት። አሮጌው ቴፓችን አጥፍቶ አልጨረሳትም ኖሯል። ዘፈኑ ሲጮህ ትሸፈናለች፤ ዝም ሲል ትወጣለች።

መሪጌታ ከወንበሩ ተነሡና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔም ተነሣሁ።

«ተቀመጡ!» አለ መርማሪው።

አልተቀመጥንም። እጁን ወደ ቴፑ ሲሰድ፣ ጠባቂው ከበሩ ላይ «አለቃ፣ ሙሾ አይቋረጥም» አለው። ቆቡን አውልቆ ነበር። የመርማሪው እጅ ቴፑ ላይ ሳይደርስ ቆመ። ድምፅዋ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጊታሩ ሲመለስ አጠፋው። «ማን ናት?»

«የጓደኛዬ እናት ናት። ሞታለች።»

ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሥራው ግን ሥራ ነው። «እሺ። አሁን ጓደኛዬ ዋሽቷል በልና ውጣ።»

«አልዋሸም» አልሁት። «እሱ አይደለም ይላል፣ እኔ ነው እላለሁ። ሁለታችንም የምናምነውን ነው የተናገርነው። አሁንም ብትጠይቀኝ ፕሮግረሲቭ ነው።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ለቤቴ የበቃሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ ከእኔ በኋላ፣ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው መስማት አቁሞ ወጣ። ካሴቱን ሊጠይቅ ሄደ፤ ጠፍቷል አሉት። ያን ጊዜ ነው የነገርሁት። ጎተራውን፣ በሬዎቹን፣ «የልጄ አባት» ያለችውን፣ ሁሉንም በደኅና ጆሮው በኩል ተቀምጬ ደጋገምሁለት።

«ስንት ጊዜ አለፍናት» አለ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ፕሮግረሲቭ ግን አይደለም» አለኝ።

ዛሬ ያ ዘፈን ስልኬ ውስጥ አለ። ቅጂው ጥርት ያለ ነው፤ ዝምታው ውስጥ ማንም የለም። እዚያ ሲደርስ አላሳልፈውም። ልጆቼ ምን ሆነህ ነው ይሉኛል። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ጊታሩ እስኪመለስ ድረስ እቆማለሁ።