የአንበሳ አዋቂው መኩሪያ

መኩሪያ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሎስ አንጀለስ ከገባ ወዲህ ታክሲ ነዳ፣ ቤንዚን ቀዳ፣ ሳህን አጠበ፤ ከአንዱም አልረጋ። አሁን ፌርፋክስ መንገድ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነው። ወንበር ሰጥተውታል፤ እሱ ግን ከመግቢያው እስከ መውጫው ሲመላለስ ይውላል። ኮሪያታውን ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቱም ያው ነው፤ ከአልጋው ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ጉልበቱን ከምግብ ጠረጴዛው ጋር ያጋጫል፣ ተራግሞ ይመለሳል። ሚስቱ ሠናይት፣ ኧረ አረፍ በል፣ ራሴን አዞርከው ትለዋለች። ማን ሰምቷት።

ታዲያ እሱ ዘንድ መኪናዋን የምታቆም ሚስስ ሃርሞን የምትባል ባልቴት ነበረች። ኬንያ ውስጥ አውሬ ለማየት የሚመጡ እንግዶች የሚያርፉበት የሳፋሪ ሎጅ አላት። እንግዶች ከሚከፍሉት ላይ እየቀነሰች አንበሳ ከብቱን ለበላበት አርቢ ትክሳለች፤ ሰውየው ተናዶ ጥምቡ ላይ መርዝ እንዳያደርግ ነው። አንበሳውም ነብሩም ጅቡም የሚያልቀው በዚያ መርዝ ነው አለችው። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስትሰማ ጊዜ ፊቷ በራ፤ እንግዲያው አንተ አንበሳ ታውቃለህ አለችው። እናቱን የምታህል ሴት እንዲህ ደስ ብሏት አይ ማለት ነውር መሰለው። አዎ ብሎ ሊያሳልፋት ፈለገ። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ በአንዲት አዎ ይገቡና መውጫው ይጠፋል። እሷ በጠየቀች ቁጥር እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ ሳይታወቀው የአዳኝ ልጅ ሆኖ አረፈው።

በመጨረሻ ሎጁ ውስጥ መሪ ሆነህ እንግዶቼን በሜዳው በእግር እየመራህ አንበሳ አሳይልኝ አለችው። ቀኑን ሙሉ መሄድ ሥራ ነው ብሎ የሚከፍል ሰው ሲያገኝ መኩሪያ እንዴት እንቢ ይበል? እንቅልፍ አጣ። ሠናይት ግን ስትሰማ በሳቅ ጀምራ በቁጣ ጨረሰች።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ» አለችው። «ሶ፣ አንተ አንበሳ የት ታውቃለህ? ሰው ብታስበላስ? እኔ ሥራዬን ኩዊት አድርጌ አልከተልህም።»

«ሜዳ ነው የፈለግኩት» አለ መኩሪያ። «እዚህ መተንፈስ አቅቶኛል።»

ቅዳሜ ቀን ሚስስ ሃርሞን ለሎጁ ገንዘብ የሚሰጡ ወዳጆቿን ምሳ ጋበዘች። የሐበሻ ምግብ ይቅመሱ ብላ ያመጣቻቸው ደግሞ ሠናይት ወጥ ወደምትሠራበት ምግብ ቤት ነው። የቅጥሩ ነገር የሚያልቀው እዚያ ነው፤ መኩሪያ ተናግሮ እንግዶቹን ካስደሰተ በሚመጣው ወር ይሄዳል። አጥንቶ መጥቷል። አባቱ በጦር ወጋው የሚባል አንበሳ ሳይቀር አዘጋጅቷል። አንድ ሽማግሌ፣ እስቲ አንበሳ ሲሄድ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ሠናይት ትሪ እንደያዘች የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። መኩሪያ አያት። ያጠናውን ተወው።

«የማውቀው አንድ አንበሳ ነው» አለ በእንግሊዝኛው። «አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፍርግርግ ውስጥ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አየው ነበር። ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይዞራል። ሲዞር ጎኑ ከብረቱ ጋር ይታከካል፤ እዚያ ጋ ጠጉር አልነበረውም። ሌላ አንበሳ አላውቅም።»

ሚስስ ሃርሞን ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ትከሻውን ይዛ ስለ እውነቱ አመሰገነችው። የሰው ነፍስ ነውና አውሬውን ለማያውቅ መሪ አደራ መስጠት እንደማትችል በቀስታ ነገረችው። እውነቷን ነው። እሱም ያውቃል፤ ማወቁ ግን ሐዘኑን አላቀለለለትም።

ሠናይት አላልኩህም ወይ ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም። በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀድማው ተመለሰች። እሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጠረጴዛው ከቦታው የለም፤ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል፣ ወንበሮቹም ላዩ ላይ ተገልብጠዋል። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ወለሉ ባዶ ነው። ሠናይት ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አሁን ጉልበትህን አይመታህም» አለችው።

መኩሪያ ባዶውን ወለል አየ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ።