የእማማ ጸዳለ መደብ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖርበት አፓርትመንት ፊት ለፊት፣ ጭንብል ያጠለቀ ሠራተኛ ሣሩ ላይ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ሲረጭ ደረስኩ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ሳላስበው የሻርፔን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ። ይህን ልማድ የወረስኩት ከእማማ ጸዳለ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ልጅ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ሽታ ሲመጣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ «አፈሩን እያሳመሙት ነው፤ ነይ እንለፍ» ይሉኝ ነበር።

እማማ ጸዳለ የንጉሥ ዘር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ትልልቆቹ ሴቶች «ልዕልት» እያሉ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ይነሷቸዋል። እሳቸው ግን ከኛ ሕንፃ አጠገብ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እናቴ የምትሠራበት ሬስቶራንት ጓሮ በር ላይ፣ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ይዘው ብቅ ይላሉ። እናቴም የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የጎመን ግንድ ትሞላላቸዋለች። ባልዲያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ሰው አፈረላቸው። «የንጉሥ ልጅ ልጅ ቆሻሻ ተሸክማ አውቶቡስ ትሳፈር?» ይባል ነበር። እሳቸው ይስቃሉ። «ቆሻሻ አይደለም፤ ገና ያልደረሰ አፈር ነው።»

ከኳስ ሜዳው ጀርባ ከተማው ለነዋሪዎች የሚሰጠው የአትክልት ቦታ አለ። እዚያ አንድ መደብ ነበራቸው። እናቴ ሥራ ስትሆን የምትተወኝ እሳቸው ዘንድ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ። በብርድ ጊዜ ከልጣጩ የሚሠሩት የፍግ ክምር ይጨስ ነበር። እጄን ይዘው ውስጡ ይከቱታል፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። የቲማቲም ቅጠል ጣቶቼን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል፤ የጤና አዳሙ ሽታ ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ጎመኑን ተባይ ሲወረው ነጭ ሽንኩርት በውኃ ዘፍዝፈው ይረጩታል እንጂ መርዝ አያስነኩትም። በከረጢት የሚሸጠውንም ማዳበሪያ አይወዱትም። «ይሄ ችኩል ነው፤ ዘንድሮን አብልቶ ከርሞን ያስርባል» ይላሉ።

«ዶማ የጨበጥኩት እስር ቤት ነው» አሉኝ አንድ ቀን። አብዮቱ ሲመጣ ከእናታቸው ጋር ታስረው፣ ግቢው ውስጥ በዘይት ጣሳ ጎመን ዘርተው ነበር። «ያን ጊዜ ነው እህል ከየት እንደሚመጣ የገባኝ። በዚያ ዕድሜዬ! አፈርኩ።»

አባቴ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበር። እሳቸውን «ሴትዮዋ» ከማለት ሌላ አይጠራቸውም። ቤታቸው ቁጭ ብዬ ሆምወርክ የምሠራ ይመስለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሊወስደኝ ሲመጣ፣ እኔ ፍግ የሞላ ባልዲ ስጎትት፣ እሳቸው አጥሩን ተደግፈው ሲያርፉ አገኘን።

«ጣይው!» አለኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። «አባቴ ለዘመዶችዎ ሲያርስ ኖሮ፣ ትራክተር ሲመጣ እንደ አረም ተነቅሎ ተጣለ። አሁን ደግሞ ልጄን ያስቆፍሩልኛል?» በቁጣው መሃል እንኳ አንቱታውን አልተወም።

እማማ ጸዳለ ከአጥሩ ተላቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። «አገራችሁ የት ነው?» አሉት።

አባቴ የአንድ ወንዝ ስም ጠራ።

«ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ?»

«እሱው።»

«የእናቴ ነበር» አሉ።

መካድ ይችሉ ነበር። አባቴ ባለመሬቱን በስም አያውቅም፤ የሚያውቀው በየመኸሩ የባለመሬቱን ድርሻ ሊወስድ የሚመጣውን ምስለኔ ብቻ ነው። ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ፤ እዚያ እንዳልደርስም ከለከለኝ። ማታ ከእናቴ ጋር ሲጣሉ ሰማሁ። «ያኔ እሳቸው ልጅ ነበሩ እኮ» አለች እናቴ። «አባቴ ሲባረር እኔም ልጅ ነበርኩ» አላት።

ከሳምንታት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እማማ ጸዳለ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። «ልለምንህ አልመጣሁም» አሉት አባቴን። «ያባትህን ነገር ንገረኝ። ልስማው።»

አባቴ ለኛ ነግሮን የማያውቀውን ነገር ያን ቀን ተናገረ። አያቴ የጎጆውን በር ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ እንደወጣ፣ ያን በር የሚገጥምበት ቤት ሳያገኝ ከተማ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኖ እንደሞተ፣ በየመኸሩ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የሰው ትራክተር ያረሰውን ሜዳውን ሲያይ ይውል እንደነበር። እማማ ጸዳለ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ሰሙ። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር ነበር።

«ምን ልበልህ?» አሉ ሲጨርስ።

«ምንም አይበሉ።»

ሊወጡ ሲነሱ ግን እሱም ተነሣ። «ልጅቷ ትምጣ። ከቆፈረች ግን ለራሷ ትቆፍር። ሲሶ አራሽ የለም፣ እኩል አራሽ የለም።»

«ይሁን» አሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መደቡን በገመድ ለሁለት ከፈሉት። ፀሐይ የሚያገኘውን ወገን ለኔ ሰጡኝ። አባቴ መጥቶ የገመዱን ጫፍ ራሱ ያዘ፤ መሃሉን ራሱ አየ። አልታረቁም። እሳቸው ሰላም ሲሉት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ በቃ። ወገባቸውን ሲያማቸው ግን አንዳንዴ አጥሩን አልፎ ገብቶ፣ ክምሩን ገልብጦላቸው ይወጣል። እሳቸውም አመሰግናለሁ አይሉትም። እንዲሉት እንደማይፈልግ ያውቁ ነበር መሰለኝ።

ሚድል ስኩል ልጨርስ ስል ስትሮክ መታቸው፤ ብርዱ ሲገባም አረፉ። አባቴ እናቴንና እኔን ቀብር አድርሶ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ስንመለስ መስኮቱ በትንፋሹ ጭጋግ ለብሶ ነበር። በእጅጌው ጠርጎ መኪናውን አስነሳ።

መደቡ በስማቸው ስለነበር ወረፋ ይጠብቅ ለነበረ ሰው ተሰጠ። በጸደይ ዶማዬንና ባልዲውን ልናመጣ ከአባቴ ጋር ስንሄድ፣ አዲሱን ባለመደብ፣ ኤልሳልቫዶራዊ ሽማግሌ፣ ተንበርክኮ አፈሩን እፍኝ አድርጎ እያየ አገኘነው። ጥቁር ነው፤ ጣቶቹ መሃል ይፈረፈራል፤ የምድር ትል ይላወስበታል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ይህን አፈር የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀን።

አባቴ እፍኙን አፈር አየ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ገበሬ ናቸው» አለ። «የኛ አገር ገበሬ ነበሩ።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀና እፍኙ ውስጥ ያለውን አፈር ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው።